የታየች መደብ

ሐምሌ 12፣ 2017፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከአዘዞ ሽማግሌ መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው። የጫማቸውን ጭቃ ደጃፍ ላይ ጠራርገው እስኪገቡ ድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀ። የመጡት ለኤሌኒ ነው። ልጁ ፊልጶስ ይባላል፣ ፋርማሲስት ነው። ታናሽ እህቴ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ብታገባ የሚያስገርም ነገር የለውም። አልተገረምኩም።

እናቴ ወገቧ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ስለማትወርድ የተቀበለቻቸው ተኝታ ነው። ነጠላዋን አስተካክዬ ትራሷን ከፍ አደረግሁላት። እሺ ለማለት ሁለተኛ ቀጠሮ እንኳ አልሰጠችም። በእኔ ጊዜ ሦስቴ ነው ያመላለሰቻቸው። ይህን ደብተር የገዛሁት ግን ስለዚያ ልጽፍበት አይደለም።

ሠርጉ ኅዳር 7 ነው፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ።

ሽማግሌዎቹ ገና ከግቢው ሳይወጡ እናቴ «እንሶስላው ከታየች መደብ ይሆናል» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነው። ታየች እኔ ነኝ።

ሐምሌ 13

ማንም አይጠይቀኝምና ስለ መደቡ ራሴ ልጻፈው።

ጓሯችን ወደ ቀሃ ወንዝ ያዘነብላል። ከታች፣ ዋንዛው ሥር፣ ፀሐይ የማይደርስበት በበጋም እርጥበት የማያጣ ቦታ አለ። እናቴ ከዳባት በታች ካለው ከአባቷ አገር፣ ከደኑ ውስጥ ካለ ምንጭ ዳር፣ ሁለት የእንሶስላ ሥር በቅርጫት አምጥታ እዚያ ተከለችው። እኔ በተወለድኩበት ክረምት ነው። «ስትዳር እግሯን ከዚህ ትሞቃለች» አለች አሉ። ስሙ በዚያው ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ የታየች መደብ ይለዋል። ሰኔ ላይ ይበቅላል። ግንዱ ውኃ የቋጠረ ነው፣ በጥፍር ይበጠሳል። ነሐሴ ላይ ትልልቅ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነው። አመሻሽ ላይ ይሸታል። ከመስቀል በኋላ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሥሩ ይወጣል፤ ይወቀጣል፤ ለብ ተደርጎ በሙሽራዋ እጅና እግር ላይ ይደረግና በጉሎ ቅጠል ይጠቀለላል። ሲፈታ ቀይ ነው።

እናቴ ሁለት ሕግ አላት። አንደኛ፣ ከመስቀል በፊት ሥሩ አይነካም። ሁለተኛ፣ የቆፈረ ሰው የሥሩን ራስ፣ ዓይን ያለበትን ጫፍ፣ ቆርጦ ወደ አፈሩ ይመልሳል። ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። የመጀመሪያው ለጾሙ ሲባል ነው፤ ፍልሰታ መሃል ስለሚገባ። ጠይቄ አላውቅም።

እስካሁን ሠላሳ አንድ ሙሽሮች ሞቀዋል። እናቴ በስም ትቆጥራቸዋለች። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው።

ሐምሌ 19

ካርድ ክፍል ቀኑን ሙሉ ወረፋ። ሁለት ካርድ ጠፍቶ አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝ። ነጃት፣ አብራኝ የምትሠራው፣ «እህትሽ ልታገባ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለችኝ። ለማን እንደነገርኩ አላስታውስም። አሁን ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቃል።

ሐምሌ 23

ፊልጶስ ምሳ መጣ። ትሁት ነው፣ ምን ይወጣለታል። እጄን ሊያስታጥበኝ ተነሣ። «እርስዎ ይቀመጡ እንጂ እትዬ ታየች» ይላል። እርስዎ! እሱ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው።

ሳህኑን ይዤ ወደ ማድቤት ስሄድ ለኤሌኒ ዝቅ አድርጎ «እህትሽ እናትሽን ነው የሚመስሉት» ሲላት ሰማሁ። ኤሌኒ ሳቀች። ረጅም ሳቅ አልነበረም። ግን ሳቀች።

ጸጉሬ ላይ ሻሽ ስላሰርኩ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሻሽ ማሰር እተዋለሁ።

ሐምሌ 28

ጌትነት ዛሬ ልጁን ይዞ ካርድ ሊያወጣ መጣ። የጠየቅሁት ስሙን ነው፣ እንደማንኛውም ሰው። «ደኅና ነሽ ታየች?» አለኝ። ደኅና ነኝ አልኩት። ልጅቷ ቁመቷ ከትከሻው ደርሷል፤ ቶንሲል ነው። ካርዱን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ የት እንዳለ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ካነሣሁት አይቀር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባታችን የሞተ ዓመት አልሞላውም፣ ኤሌኒ ሰባት ዓመቷ ነበር። የጌትነት ሽማግሌዎች መጡ። እናቴ «ልጅቷን ብቻዬን አላሳድጋትም፣ ትንሽ ቆዩን» አለች። ቆዩ። ደግመው መጡ፤ ቆዩን አለች። ሦስተኛ መጡ። አራተኛ አልመጡም። ማን ይመጣል?

ያገባት ልጅ ከሰፈራችን ናት። እናቷ እንሶስላ ልትለምን መጣች። እናቴ እሺ አለች። ቆፍሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሰፌድ ተሸክሜ የወሰድኩትም፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ የወቀጥኩትም እኔ ነኝ። መዳፌ ውስጡ ቀልቶ ሰነበተ። ያየኝ ሁሉ «ምነው፣ አንቺም ሞቅሽ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

እናቴ ስትቆጥር ያቺ አሥራ አራተኛ ናት። ሌሎቹን ስትጠራ እንደምታደርገው ሁሉ ድምፅዋን ሳትቀንስ ነው የምትጠራት። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ጻፍኩት፣ ይኸው።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። አበባው ፈክቷል። ኤሌኒ ከማራኪ መጥታ በስልኳ ፎቶ ስታነሣው ዋለች። «የኔ እንሶስላ» ብላ ለጓደኞቿ ላከችው። ከሰኔ ጀምሮ አንድ ቀን አረም ነቅላ አታውቅም። ቀንድ አውጣውን በእጄ የምለቅመው እኔ ነኝ።

«ለሁላችንም ይበቃል» አለችኝ መደቡን እያየች። ሁላችንም ማለት እሷና ሚዜዎቿ።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ቅዳሴ አልሄድኩም። ሰፈሩ ባዶ ነው፣ ሁሉም ቀሃ ኢየሱስ ናቸው። ዝናቡ ቀለል ብሏል። እናቴ ተኝታለች። ጓሮ ትንሽ ሥራ አለኝ።

ነሐሴ 5

ጃርት።

ሌሊት ጃርት ገብቶ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ገለባብጦታል። ግንዱ ተጋድሟል፣ አበባው ጭቃ ውስጥ ነው። አንድ ሥር አልቀረም። ለእናቴ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ኤሌኒ ስልክ ላይ አለቀሰች። አጽናናኋት። ምን ይደረጋል፣ እንስሳ ነው።

ብርድ ነው። ካልሲ አድርጌአለሁ።

ነሐሴ 7

አያ ቢያዝን መጡ። ከወገራ ጀምረው ጃርትና ጦጣ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የጎረቤታችን ዘበኛ ናቸው። እናቴ ናት ያስጠራቻቸው። በዱላቸው አፈሩን ሲቆሰቁሱ ቆዩ።

«እሾኹስ?» አሉኝ።

«ምን እሾኽ?»

«ጃርት ከበላ አንድ ሁለት እሾኽ ይጥላል፤ ይህ አንድ አልጣለም።» ጎንበስ ብለው አዩ። «ሸጋ ጃርት ነው ደግሞ። አፈሩን መልሶ ደልድሎ ነው የሄደ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እግሬን አዩ። ካልሲና ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር። ሳቃቸውን አቆሙ።

«ብርድ ነው አያ ቢያዝን» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

«ነው እንጂ» አሉ።

ነሐሴ 11

አያ ቢያዝን ሁለት ሌሊት ጓሯችን ውስጥ ማዳበሪያ ተከናንበው ጃርት ጠበቁ። በዚህ ዝናብ! ዛሬ ያስላሉ። ተዉት ብላቸው «እናትሽ ጠብቅ ብላኛለች፣ እጠብቃለሁ» አሉኝ። ከሆስፒታል ሲረፕ ይዤላቸው መጣሁ። ሲቀበሉኝ ዓይኔን አላዩኝም።

እናቴ ለምንድን ነው ጠብቅ ያለቻቸው?

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ያስቀደስኩት ውጪ ቆሜ ነው። ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ነበር የምገባው። ጫማ ማውለቅ አልፈለግሁም፣ መሬቱ እርጥብ ነው። አንዲት የሰፈር ሴት «ታየች፣ ምነው ራቅሽ?» አለችኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኩ። ራሴን አላመመኝም።

በጾም፣ በእሁድ። ምንም። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ነሐሴ 24

እናቴን ገላዋን አጠብኳት። እግሯን ሳሽ «አንቺስ፣ እግርሽን ያምሻል?» አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት። «በነሐሴ ብርድ አለ» አለች። በደግነት ነው ያለችው፣ ወይም እንዲያ መሰለኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

መስከረም 1፣ 2018

እንቁጣጣሽ። ኤሌኒና ፊልጶስ አበባ ይዘው መጡ። ለእኔ ጫማ ገዝተውልኛል፣ ለሠርጉ። ፊቱ ክፍት ነው፣ ጣት የሚያሳይ። ጠበበኝ አልኳቸው። ቁጥሩ ልክ ነው።

መስከረም 17

መስቀል። ዛሬ ሥሩ የሚነካበት ቀን ነበር። ማንም አላነሣውም። እናቴ ብቻ ከሰዓት በኋላ «አፈሩ አሁን ሞቆ ይሆናል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

መስከረም 29

ኤሌኒ ቅዳሜ ገበያ እንሶስላ ስትፈልግ ዋለች። የወገራ ሴቶች አልወረዱም። መንገዱ ተዘግቷል፣ ይከፈታል ይባላል፣ አይከፈትም። እናቴ «ዳባት ምንጩ ዳር አሁንም አይጠፋም፣ ሰው ላኩ» አለች። ማን ይሂድ? ሚኒባስ የለም። ኤሌኒ ተስፋ ቆርጣ ከአንዲት የእንፍራንዝ ሴት በፌስታል የደረቀ ዱቄት ገዛች። ቤት መጥታ እጇ ላይ ሞከረችው። ሲታጠብ ጠፋ። ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ቀይ አፈር ሳይሆን አይቀርም።

እየሳቀች ነበር የታጠበችው። ከዚያ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ ውኃ እያፈሰስኩላት ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ሳሙና ላምጣልሽ?» አልኩ።

ጥቅምት 9

የእግሬ ጥፍር አድጓል። ከሥሩ ነጭ ብቅ ብሏል፣ የቀረው ገና ነው። ጫፍ ጫፉን በመቀስ ቆረጥኩት። አንድ ዓመት ሳይፈጅ አይጠፋም መሰለኝ።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ጥቅምት 21

ነጃት ነገሩን ሰምታ «ታዲያ ምን ቸገራችሁ፣ እኔ ሒና ይዤ እመጣለሁ፣ እኔው እሠራላታለሁ» አለች። ፊቷ በራ። ሰው ለሰው እንዲህ ደስ እያለው ይሠራል። እኔም ድሮ እንዲህ ነበርኩ ወይ? ሠላሳ አንዱን ሁሉ እየቆፈርኩ ስሰጥ፣ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ያውቃል? አንድ ሁለቴ ያውቃል።

ከዚያ ደግሞ «ሴትዮ፣ ይህን ካልሲ መቼ ነው የምታወልቂው? ካርድ ክፍሉ ምድጃ ሆኖ!» አለችኝ። ሪህ ነው አልኳት።

ኅዳር 4

ሠርጉ ሦስት ቀን ቀረው። ድንኳኑ ጓሮ እንዲተከል ፈልገው መደቡን ሊደለድሉት ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ጮኸች። ጮኻ አታውቅም። ድንኳኑ በፊት ለፊት ሆነ።

ማታ ኤሌኒ አጠገቤ ጋደም ብላ የልጅነቷን ነገር ስታወራ ቆየች፤ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ፣ ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ነበርኩ። በመሃል እንዲህ አለችኝ፦

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አሁን ካለፈ። እማዬ ሽማግሌ የመጣ ዕለት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ሥሩ ሲወጣ መጀመሪያ የምትሞቂው አንቺ ነበርሽ። እኔ ከአንቺ ቀጥዬ። ‹በመደቧ ሌላው ሁሉ ቀደማት፣ አንቺ አትቀድሚያትም› አለችኝ። በዕለቱ ድንገት ልናደርግሽ ነበር፣ ቀድመን ብንነግርሽ እምቢ ትያለሽ ብላ።»

«ታዲያ ጃርቱ…» ብላ ተወችው።

እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት።

ኅዳር 5

ነጃት ሒናውን ይዛ መጣች። ሴቱ ሞላ። የኤሌኒን እጅና እግር አበባ አበባ አድርጋ ሣለችው፣ እውነት ያምራል። ለእናቴ ወስደን አሳየናት። የኤሌኒን እግር አቅፋ አሸተተችው። «ሸጋ ነው» አለች። «ሽታው ብቻ ሌላ ነው።»

የተረፈ ሒና ነበር። ነጃት «ነይ እንጂ ታየች፣ እግርሽን አምጪው» ብላ ካልሲዬን ያዘች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እግሬን መነጨቅሁት። ጎድጓዳው ሳህን ተደፋ።

«ቁስል አለብኝ» አልኩ።

«ተያት» አለች እናቴ። «ተያት ነጃትዬ፣ ቁስል አለባት።»

ኅዳር 7

አለቀ። አምሮ አለቀ። ፎቶው ላይ ሁሉ ከኋላ የቆምኩት እኔ ነኝ። አያ ቢያዝን በመጨረሻው ጨፈሩ፣ ሳላቸው አልለቀቃቸውም። ለእኔ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፣ አልጨፈርኩም።

ኅዳር 9

ቤቱ ባዶ ነው። ድንኳኑ ፈርሷል። ከሥራ ስመለስ እናቴ ነቅታ ጠበቀችኝ። ሻይ አጠጣኋት። ኩባያውን ስቀበላት እጄን ያዘች።

«ያዘልሽ ወይ?» አለችኝ።

«ምኑ?» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔን በጨው አጥቤ ያልዋሸሁት ሰው የለም። አሁን ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲውን አወለቅሁት። ልታየኝ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ጥፍሬን ብቻ» አልኳት። «ውስጥ እግሬን አልያዘውም። በማግስቱ ታጥቦ ሄደ።»

«አይይዝም» አለች። «ከመስቀል በፊት ሥሩ ውኃ ነው። ቀለሙ ገና አልወረደም። ምነው ብትጠይቂኝ?»

ለጾሙ ሲባል መስሎኝ ነበር አልኳት። እንደ ልጅ ነው ያልኩት። አርባ አራት ዓመት ያንን መደብ ኮትኩቼ ለጾሙ መስሎኝ።

«ዶማው ድንጋይ ሲመታ ሰምቼሻለሁ» አለች። «ጃርት ዶማ የለው።»

«ታዲያ አያ ቢያዝንን ለምን አስጠበቅሻቸው?»

«ሰው ጃርት ነው ብሎ እንዲያምን ነዋ! ባላስጠብቅ ምን ይሉ ነበር?»

ቁጣ የላትም። ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር። ትልቁን ጣቴን በአውራ ጣቷ አሻሸችው፣ ቀዩን። ስለ ጌትነት ምንም አላለችም፣ እኔም አላልኩም። ይህን ያህል ዓመት ያላልነውን አሁን ማን ይጀምረዋል?

ጣቴን ለቃ «ራሱን መልሰሽዋል?» አለችኝ።

የሥሩን ራስ ማለቷ ነው። ዓይን ያለበትን። ያን እሁድ የተረፈውን ሁሉ፣ ራሱንም ልጣጩንም፣ በማዳበሪያ ጠቅጥቄ ቀሃ ውስጥ ጨመርኩት። ወንዙ ሙሉ ነበር፣ ዓይኔ እያየ ወሰደው። ለኤሌኒ እንዳይተርፍ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

«አዎ» አልኳት። «መልሼዋለሁ።»

«እንግዲያ ሰኔ ይበቅላል» አለች። ደስ አላት፤ በዓይኔ አየሁት። «ለሰኔ ስንት ቀረው? ሰባት ወር። እቆያለሁ። በይ አልጋዬን ወደ ጓሮው መስኮት አዙሪልኝ፣ ሲበቅል ልየው።»

አዞርኩላት። ከብዶኝ ነበር፣ አያ ቢያዝንን ጠርቼ አገዙኝ። መጋረጃውንም ገለጥኩላት።

አሁንም እያየች ነው።